ንፋስ የጣለው ገብስ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሲዘንብ ያደረው የሐምሌ ዝናብ አባርቶ ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም አጥራችን ላይ ተኝቷል።

አባቴ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ የካፖርቱን ቁልፎች ይቆልፍ ነበር። ቀኝ እጁ አንዷን ቁልፍ አገኛት፣ ለቀቃት፣ መልሶ ፈለጋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የአፉ አንድ ጎን ወደ ታች ወርዶ ነበር።

እኔ ሳቅሁ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ገብረ መድህን በመንግሥት የእህል መጋዘን መዛኝ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ማታ ሲገባ ውሎውን የሚተርክልን በፊቱ ነው። ኮታው የጎደለበትን ገበሬ፣ ጆንያ ላይ ቆሞ የሚያነቃውን ካድሬ፣ እርጥብ ስንዴ ደርቋል ብሎ የሚምለውን ነጋዴ፣ ሁሉንም በጉንጩና በቅንድቡ ያመጣቸዋል። በዚያ ዘመን ሰውን በቃል ማማት ያስፈራል፤ በፊት የታማ ግን ማስረጃ አይገኝበትም። ስለዚህ አፉ ሲጣመም አዲስ ሰው ያመጣልኝ መሰለኝ። የፊቱ ሌላው ግማሽ እስኪከተል ጠበቅሁ።

«ማነው እሱ፣ አባባ?» አልሁት።

ሊመልስልኝ ሞከረ። የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። እሱም የጨዋታው ክፍል መስሎኝ ይበልጥ ሳቅሁ።

እናቴ ተሻለች ሳቄን ሰምታ ፈገግ እያለች ከጓዳ ወጣች። እስከ ዛሬ ከዓይኔ የማይጠፋው ያ ፈገግታዋ ነው። ከፊቷ ገና ሳይለቅ በእጇ የነበረው ሳህን ወለሉ ላይ ተሰበረ።

በጋሪ ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ኃይለየሱስ ከፊት ተቀምጦ ባለጋሪውን «ቀስ! ሰው ነው የጫንኸው፣ ጆንያ አይደለም!» እያለ ይጮኽበት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ምን ትሳባለህ? ንዳው እንጂ!» ይለዋል። ባለጋሪው ሁለቱንም ትእዛዝ በዝምታ ተቀበለ።

የተቀበለን ሐኪም ወጣትና ቀጭን ነበር፤ ከነጩ ጋውን ሥር በእጅ የተሠራ የሱፍ ሹራብ ለብሷል። አንድ ሣጥን ከፈተ። በሣጥኑ ክዳን ላይ የቆመ የመስተዋት ቱቦ፣ በቱቦው ጎን ቁጥሮች፣ ከሥሩ ባዜቃ የሚሉት የሚያንጸባርቅ ፈሳሽ ብረት ነበረው። በአባቴ ግራ ክንድ ላይ ጨርቅ ጠመጠመና የጎማ ኳሱን ይጨምቅ ጀመር። ባዜቃው እንደ ብር ክር ሆኖ ወጣ። ቁጥር የማንበብ ችሎታዬ የሚዛን ነው፤ አባቴ መጋዘኑ ውስጥ አስተምሮኛል። ሐኪሙ አየሩን እየለቀቀ በጆሮው ሲያዳምጥ ባዜቃው ከሁለት መቶ በላይ ቆሞ ሲመታ አየሁት።

ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። በአባቴ ሚዛን ላይ መርፌው ከመቶ ካለፈ ጆንያው ተርፏል ማለት ነው፤ በጣሳ እየተቀነሰ ኩንታሉ ልክ እስኪሆን ይጠበቃል። ልክ ሲሆን አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ልክ ነው!» ይላል፤ የጆንያው አፍ ይሰፋል። አባቴ ተርፎበት ነበር። እስኪበቃው የሚቀነስለት ሰው ይፈልጋል።

ሐኪሙ ግን ሣጥኑን ዘጋው።

«መድኃኒቱስ?» አለ ጋሼ ኃይለየሱስ።

«ለጊዜው ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት አልሰጣቸውም።»

«አልሰጣቸውም?»

«በአንጎላቸው ውስጥ አንድ የደም ሥር የተደፈነ ይመስለኛል። ሰውነታቸው ግፊቱን ከፍ ያደረገው ደሙ ወደ ተጎዳው ቦታ በሌላ መንገድ እንዲደርስ ነው። አሁን በግድ ካወረድነው ሊተርፍ የሚችለውም ክፍል ይሞታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ መድኃኒት አስጀምራቸዋለሁ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ አንነካውም።»

ጋሼ ኃይለየሱስ ሐኪሙን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየው። «የማን ልጅ ነህ፣ አንተ?»

ሐኪሙ ጨርቁን እያጠፈ ነበር፤ እጁን አላቆመም። «የሁሴኖ ልጅ ከሊል ነኝ፣ ጋሼ ኃይለየሱስ። ያውቁኛል።»

እኔ ሁሴኖን አይቼው አላውቅም፤ ስሙን ግን አውቀዋለሁ። በኦጎልቾ መንገድ፣ አያቴ ባላምባራስ ወልደ ጊዮርጊስ ይገዙት በነበረው መሬት ላይ፣ ቤተሰባችን እስከዚያ ቀን ድረስ «የሁሴኖ ማሳ» እያለ የሚጠራው እርሻ ነበር። ሁሴኖ የአያቴ ጭሰኛ ነበር። አዋጁ መሬቱን ለአራሹ ሲያደርገው ማሳው በእርግጥ የሁሴኖ ሆነ፤ እኛ ግን አጠራራችንን መለወጥ አላስፈለገንም። አያቴ ከአዋጁ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ጋሼ ኃይለየሱስ ያን ዘመን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሩን ዘግቶ ነው። ከዘጋው በር ኋላ ከሰማሁት ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነበር፦ የሁሴኖ ሰዎች አንድ ቀን ይበቀሉናል።

«ወንድሜን በዚህ ልጅ እጅ ጥዬ አልሄድም» አለ ጋሼ ኃይለየሱስ። እናቴ ለመነችው፤ አልሰማትም። የሱን ትእዛዝ ተላልፋ ባሏ አንድ ነገር ቢሆንባት ዕድሜ ልኳን በማን ፊት ትቆማለች? አባቴን በዚያው ጋሪ መለስነው።

ሐኪሙ እስከ በሩ ተከተለን። «በደንብ መዋጥ እስኪችሉ ምንም አታጉርሷቸው። በየሰዓቱ አገላብጧቸው። ማታ ማታ እየመጣሁ አያቸዋለሁ።»

«ማን ጠራህ?» አለው ጋሼ ኃይለየሱስ።

«ማንም።»

መጣም። ከሥራ ሲወጣ፣ ገና ዓይን ለዓይን በሚያስተያይ ምሽት፣ ሣጥኑን በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ጭቃውን እያቋረጠ ይመጣ ነበር። እናቴ ወንበር ታቀርብለታለች፤ ይለካል፣ የአባቴን ቀኝ እጅ አንሥቶ ይለቃል፣ ዓይኑን ያያል፣ ይሄዳል። ጋሼ ኃይለየሱስ ሐኪሙ ከወጣ በኋላ «መሞቱን ሊያረጋግጥ ነው የሚመላለሰው» ይላል። እኔም ሐኪሙ በገባ ቁጥር የአባቴን እግር ይዤ እቀመጥ ነበር።

ዛሬ የምኖረው አዳማ ነው። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ በድንገት ወደቀብኝና ሆስፒታል ወሰድሁት። አንዲት ወጣት ሐኪም የአንጎሉን ፎቶ አይታ፣ ግፊቱን ለክታ፣ «ለጊዜው አንነካውም» አለችኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። የደነገጥሁት በባለቤቴ መስሏት አጽናናችኝ።

የእኛ ቤት በዚያ ሳምንት ከሰው አልጎደለም። በእኛ ዘንድ በሽተኛን ሊጠይቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንዴት ነው?» ብሎ አይደለም። «ምን አደረጋችሁለት?» ይላል። ለበሽተኛ አንድ ነገር ማድረግ የፍቅር ምስክር ነው፤ ዝም ብሎ ማየት መተው ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን ይዞ መጣ። ነጭ ሽንኩርት የያዘ አለ፣ ጸበል የያዘ አለ፣ መጋኛ ነው ብሎ ፌጦ የቀጠቀጠ አለ። እናቴ ሁሉንም ተቀብላ በመደርደሪያው ላይ ትደረድራለች። «ሐኪሙ አትስጡ ብሏል» ስትል ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። መደርደሪያው በሞላ ቁጥር እናቴ አንገቷን ትደፋ ነበር።

ከሁሉ የሚበረቱት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ነበሩ። ከእናቴ ጋር እሳት ተጫጭረው፣ እርሾ ተበዳድረው፣ ልጅ ተቀባብለው የኖሩ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ደም ግፊት ይዟቸዋል።

«የእኔማ አልወርድም አለ» ይላሉ። «ባሌ ነው የሚያናድደኝ ብዬ ነበር። እሱ ሞተ፤ ግፊቱ ባለበት ቀረ። ለካስ ራዲዮኑ ነው።»

ሴቶቹ ሊስቁ ይሉና ወደ በሩ ያያሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአባቴን ግራ እጅ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ጣቶቼን ጨበጠኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ውሃ» አለ። የተሟላ ቃል ነበር፤ ትንሽ ተኮላተፈ እንጂ ውሃ ነበር። እናቴ ጮኸች። በማንኪያ አጠጣችው፤ ዋጠ። ማታ ሐኪሙ ሲመጣ ነገረችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ሲለካው ባዜቃው ያን ቀን ቀድሞ ከነበረበት ጥቂት ወርዶ ነበር፤ ግን ገና ሩቅ ነበር።

«እየመጡ ነው» አለ። «ራሳቸው እየመጡ ነው። ብቻ እባካችሁ፣ እንደተውናቸው እንተዋቸው።»

በማግሥቱ ሁሴኖ መጣ።

በፍርሃት ስጠብቀው የነበረው ሰው ረጅምና አስፈሪ ነበር፤ የገባው ግን አጭር ሽማግሌ ነው። የዝናብ ውሃ ከባርኔጣው ይንጠባጠባል፤ በእጁ ጮጮ ሙሉ ወተት ይዟል። በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ እናቴ ወደ ላይ እንዲያልፍ ብትለምነው «እዚህ ይበቃኛል» አለ። አማርኛው ኦሮምኛው እየጎተተው ቀስ ብሎ ነበር የሚወጣው። አባቴን ብዙ ጊዜ አየው። «ረቢ ያሽረው» አለ። ስለ ዝናቡ አወራ። ሲነሣ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ ለማንም ሳይሆን ለወለሉ እንዲህ አለ፦

«ሰሞኑን ንፋሱ ብርቱ ነው። ገብሱን አስተኛው። ልጆቼ እናቁመው ሲሉኝ ተዉ አልኳቸው። ንፋስ የጣለውን ገብስ እጅ ካነሣው ይሰበራል። ከተዉት ራሱ ቀና ይላል።»

እናቴ በሁለት እጇ የተቀበለችውን ወተት ይዛ እንደቆመች ቀረች። ጋሼ ኃይለየሱስ ሁሴኖ ከአጥሩ እስኪወጣ ታገሠ።

«ሰማችሁት? በቤታችን ቆሞ! በወንድሜ ራስ ላይ ቆሞ 'የወደቀ ገብስ' አለው! የወደቀውን ተዉት፣ አታንሡት ነው የሚለን!»

«ወተቱንም ድፊው» አሉ እትዬ ብርቄ በሹክሹክታ። «ምኑ ይታወቃል።»

እናቴ ወደ ጓሮ ወጥታ በጎመኑ ሥር ደፋችው። ጭቃው ላይ ነጭ ሆኖ ሲፈስ፣ ከዝናቡ ጋር ሲቀላቀል አየሁት። መርዝ እንዲህ ነጭ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ አምን ነበር።

ፋጡ የሁሴኖ ልጅ፣ የዶክተር ከሊል ታናሽ እኅት ናት። ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ አሰላ ገበያ ላይ ተገናኝተን ተዋወቅን። አባቷ ያን ቀን ለምን እንደመጣ የነገረችኝ እሷ ናት። ልጁ ማታ ቤት ገብቶ «ከተዉት ይድናል፤ እንዳይነኩት ግን እፈራለሁ፤ እኔን አያምኑኝም» ሲለው ሁሴኖ ወተቱን አሳልቦ በዝናብ ተነሣ። ሊነግረን ነበር። እቤታችን ሲደርስ፣ የባላምባራስን ልጆች «በሽተኛችሁን እንዲህ አድርጉ» ብሎ ለማዘዝ አፉ እምቢ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ለአያቴ ቤት ነገር ሲናገር የኖረው በእህል እያሳበበ ነው። በዚያው ቋንቋ ነገረንና ሄደ። «የገባችሁ መስሎት ደስ ብሎት ነበር ቤት የተመለሰው» አለችኝ ፋጡ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ ብርቄ ለብቻቸው መጡ። ጋሼ ኃይለየሱስ አልነበረም። እናቴን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ተሻለች፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ መቶ ሰማንያ ሆኖብኝ ሄጄ ይኸው ልጅ አይደለም ወይ ወዲያው እንክብል የሰጠኝ?»

«እሱ ነው።»

«ጋሼ ገብረ መድህን ሁለት መቶ አልፎበት ለምን ከለከለው?»

እናቴ የአባቴን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

«እኔ ማነኝ? የማንም ልጅ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ቂም የለውም። ከዚህ ቤት ጋር ግን ሒሳብ አለው። እኔ ልጁ ክፉ ነው አልልም። ቂም ግን ሰውየው ሳያውቀውም ይሠራል።»

«ውሃ ብሎ ጠራኝ፣ ብርቄ። እየተሻለው ነው።»

«እንግዲያማ! ጌታ መንገዱን ሲከፍት አንቺም መርዳት ነው እንጂ። ነገ አንድ ነገር ቢሆን 'መድኃኒቱ ጎረቤቷ ቤት ተቀምጦ ሳለ' አይሉሽም?»

ይህን ሲሉ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። በቋጠሮው ውስጥ ነጫጭ እንክብሎች ነበሩ፤ ከራሳቸው ድርሻ የቆጠቡት። እንዲያ የሚቋጠር ሌላ ነገር አውቃለሁ፦ ለሙዳየ ምጽዋት የሚጣል ሳንቲምና ለልጅ የሚሰጥ ከረሜላ። በዚያ ዘመን እንክብል እንደ ልብ አይገኝም። እትዬ ብርቄ የሰጡን ከጤናቸው ቆርሰው ነው፤ ይህን ማንም ሊክድባቸው አይገባም።

«ለእኔ አንድ ነው የሚታዘዝልኝ» አሉ። «እሱ ግን ግዙፍ ነው። ሕመሙም ከእኔ የበረታ ነው።»

እናቴ ሦስቱን በማንኪያ ጀርባ ፈጭታ በማር በጠበጠቻቸው። አማተበች። አባቴ አፉን እንደ ሕፃን ከፍቶ ተቀበላት።

ከዚያ ተኛ። ሳምንቱን ሙሉ ሲቃትት የሰነበተው ሰው ዝም ብሎ፣ ፊቱ ለስልሶ ተኛ። እትዬ ብርቄ «አየሽ?» ብለው እየሳቁ ወጡ። እናቴ ጠያቂዎቹን ከደጅ እየመለሰች «ተኝቶልኛል» ትላቸው ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንገቷን አልደፋችም። መደርደሪያውን ጠረገች፤ ለእኔ ፀጉሬን ሠራችልኝ። ከዚያ ሰሞን ሁሉ ደስ ያለኝ ያኔ ነው።

ሐኪሙ በሰዓቱ መጣ። የአባቴን ስም ጠራ፤ አባቴ አልነቃም። ደረቱን በጣቱ አጥንት አሸው፤ አልነቃም። ጨርቁን ጠመጠመ። ባዜቃው ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ሁለት መቶን አለፈ፣ መቶ ሃምሳን አለፈ። ሐኪሙ እያዳመጠ ነው። ባዜቃው መቶ ላይ ሲደርስ መምታት ጀመረ።

«ልክ ነው!» ብዬ ጮኽሁ፤ ልክ እንደ አባቴ።

ሐኪሙ አልዞረም። ደግሞ ለካ። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው አላቀቀና እናቴን አያት።

«ምን ሰጣችኋቸው?»

እናቴ ወደ መደርደሪያው አየች።

«እባክዎን፣ ወይዘሮ ተሻለች። ምን ሰጧቸው?»

እኔ ተነሣሁ። «መድኃኒት ነዋ! አንተ የከለከልከውን መድኃኒት!» አልሁት። እኔ ከጎረቤት ልጆች በቀር ታላቅን «አንተ» ብዬ አላውቅም፤ ጋሼ ኃይለየሱስ እሱን እንዲያ ሲለው ስለሰማሁ የተፈቀደ መሰለኝ። «አሁን ልክ ሆነ! አንተ አልቀንስም ስላልህ እኛ ቀነስንለት!»

ራሱን ደፋ። እኔ ያፈረ መሰለኝ። ያሸነፍነው መሰለኝ።

«የማን እንደሆነ አልጠይቅም» አለ ራሱን እንደደፋ። «ስንት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ብቻ።»

እናቴ ነገረችው። ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር። ሐኪሙ የአባቴን ትራስ ከራሱ ሥር መዝዞ ጣለው። በዝናቡ ውስጥ ወጣ፤ ከደጃፋችን የልብስ ማጠቢያ ሁለት ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሹራቡ በጭቃ ተለውሶ ገባ። የአልጋውን ግርጌ በትከሻው ቀና አድርጎ ድንጋዮቹን ከእግሮቹ ሥር አስገባቸው። አባቴ እግሩ ከራሱ በላይ ሆነ።

እንደ ተሰቀለ በግ ነበር። የሁሴኖ ልጅ የባላምባራስን ልጅ እግር ወደ ላይ፣ ራስ ወደ ታች ሲያደርገው ባየሁ ጊዜ፣ ከተዘጋው በር ኋላ ስሰማው የኖርሁት ቀን መጣ አልሁ። ማልቀስ ጀመርሁ።

«ግሉኮስ ላመጣ ሆስፒታል ሮጬ ልመለስ ነው» አላት እናቴን። «ድንጋዩን ማንም እንዳያነሣው። ደሙ ወደ ራሳቸው መሄድ አለበት። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል» አለች። ከዚያ፣ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ዶክተር፣ ይፍጠኑልኝ» አለችው።

እሱ እንደወጣ ጋሼ ኃይለየሱስ ገባ። አልጋውን አየ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ያዘ።

እናቴ ወለሉ ላይ ወደቀችና ድንጋዩንም የአልጋውን እግርም አቀፈች። «ጋሼ፣ እንዳይነኩት!»

«ተሻለች፣ አብደሻል? የወንድሜን ራስ መሬት አስነክቶ ሲያዋርደው ታያለሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ ነው አንቺ?»

«እኔ ነኝ የጎዳሁት። እሱ ሊያተርፈው ነው። ከነኩት በእኔ ላይ አልፈው ነው።»

ጋሼ ኃይለየሱስ ቆመ። ድንጋዩን የያዘው እጁ ጭቃ ሆኖ ነበር፤ በምን እንደሚጠርገው ጠፋው። እኔ እናቴን ጠላኋት። ሐኪሙ አስፈራርቷት የሱን ጥፋት በራሷ ላይ የወሰደች መሰለኝ። በቀበሌ ስብሰባ እንዲያ እንደሚደረግ ሰምቼ ነበር፤ ሰው ቆሞ ያላደረገውን «እኔ ነኝ» ይላል፤ ከዚያ ይጨበጨባል።

ዶክተር ከሊል ጠርሙሱን ይዞ ተመለሰ፤ ከምስማር ላይ ሰቀለው፤ ከአልጋው ሳይርቅ አደረ። ጎህ ሲቀድ ባዜቃው ወጥቶ ነበር፤ አባቴም ዓይኑን ገለጠ። እናቴ ስሙን ጠራችው። አየን፤ ማን እንደሆንን ያወቀን ይመስለኛል። ቀኝ እጁ ግን ከዚያ በኋላ አልተዘረጋም። ውሃ ሲጠማው ወደ ማድጋው ያይ ነበር።

እንክብሉ ባይሰጠው ኖሮ ይናገር ነበር ወይ? አዳማ ያለችውን ሐኪም ይህን ሁሉ አጫውቻት ጠየቅኋት። «ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም» አለችኝ። «የደም ሥሩ ቀድሞውንም ተደፍኗል። እየተመለሰ ነበር ማለት ግን እችላለሁ።» እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች። ብትሰማው ይሻላት ወይም ይብስባት እንደነበር አላውቅም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ወደ ጓዳ ወስዳኝ ትከሻዬን ይዛ «ለእትዬ ብርቄ ምንም እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። ሐኪሙ የእንክብሉን ነገር ማወቁን ሰምተው እንዳይፈሩ መስሎኝ ማልሁላት። እትዬ ብርቄ ለአባቴ ሾርባ እየሠሩ፣ ከእናቴ ጋር እያገላበጡት፣ በየቀኑ ይመጡ ነበር። ለጠያቂው ሁሉ «እኔ በዚያች እሑድ ባልደርስ ኖሮ ያ የሁሴኖ ልጅ ጨርሶት ነበር» ይላሉ። እናቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ወሬው ከተማውን ዞረ። ዶክተር ከሊል ይህን ሳይሰማ የቀረ አይመስለኝም፤ መምጣቱን ግን አላቆመም። የአባቴ ግፊት ሲረጋ ቃል እንደገባው መድኃኒቱን አስጀመረው፤ በራሱ እጅ፣ በጣም በጥቂቱ።

በማግሥቱ ዓመት ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተመደበ። መርዶው የመጣው በበልግ ነው።

ጋሼ ኃይለየሱስ ለቅሶ አልሄድም አለ። እናቴ እኔንና እትዬ ብርቄን ይዛ በኦጎልቾ መንገድ ሄደች። የሁሴኖ ግቢ በሰው ሞልቶ ነበር። ሁሴኖ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ለሚገባው ሁሉ እጁን ወደ ደረቱ እያደረገ ራሱን ይነቀንቃል። እናቴ ከሴቶቹ ጋር አልተቀመጠችም። ወንዶቹ ወዳሉበት አልፋ ፊቱ ቆመች።

«አባባ ሁሴኖ፣ ባሌን ያዳነው ልጅዎ ነው» አለች፤ ሁሉም እስኪሰማ። «የጎዳሁት እኔ ነኝ። ሰው ሌላ ሲያወራ ሰምቼ ዝም ብያለሁ።»

ሁሴኖ ቀና ብሎ አያት። «ተቀመጪ፣ ልጄ» አለ። «ደክሞሻል። መንገዱ ጭቃ ነው።»

እኔ ሙት አይወቀስም ተብሎ የሚደረግ ነገር መሰለኝ። ለሟች ደግ ደጉ ይወራል፤ እናቴም ደንቡን ፈጸመች ብዬ አለፍሁት። እትዬ ብርቄ በመንገድ ስንመለስ አልቀለዱም። ከዝናቡ ሳይሆን ከሌላ ነገር የሚከለሉ ይመስል ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ከኋላችን ይራመዱ ነበር። እናቴ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ክንዳቸውን ያዘች፤ ቤት እስክንደርስ አልለቀቀቻቸውም።

አባቴ ከዶክተር ከሊል በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ።